ገንዘቡ ሳይገባ በሬው አይወጣም

ጵርስቅላን የማያውቃት ሰው ግትር ናት ይላል። የሚያውቃትም ያንኑ ነው የሚለው፤ ብቻ እሷ እንዳትሰማው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሆሳዕና ጎፈር ሜዳ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ በአሮጌ ቆርቆሮ የታጠረ ግቢ አላት። ከቤቷ ጀርባ እንሰቷ አለ፤ ከእንሰቱ ጎን በረቷ፤ በረቷ ውስጥ ደግሞ አንድ በሬ። ሁልጊዜም አንድ ነው። ሁለት ብታደልቢ ምን አለበት ሲሏት «ለሁለት አፍ አልደርስም፤ የራሴም አፍ አለ» ትላለች። የራሷ አፍ መኖሩንስ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክራል።

ባሏ የሞተው ልጇ አቢጋኤል ገና አራተኛ ክፍል ሳለች ነው። ለቅሶው ሳይበርድ ዘመዶች ተሰብስበው የሚበጃትን መከሩላት። አንዱ ወንድምሽ ቤት ግቢ አላት፣ አንዱ እንሰቱን ሽጪው፣ አንዱ ደግሞ የሚያገባሽ ሰው አናጣም አላት። ሁሉንም አዳምጣ፣ ምሳ አብልታ ሸኘቻቸው። በሳምንቱ እድር የሰጣትን ገንዘብ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አንጋጫ ገበያ ሄደች። እዚያ የጎድን አጥንቱ ከሩቅ የሚቆጠር በሬ ገዝታ እየጎተተች ስትወጣ፣ አንድ ነጋዴ «ይሄንን ደግሞ ልትቀብሪው ነው?» ብሎ ገበያተኛውን አሳቀባት። ይሳቁ እንግዲህ። ያንን በሬ በፉርሽካ፣ በፋጉሎና በእንሰት ቅጠል ቀልባ ቀልባ ለመስቀል ስታወጣው፣ በበረቱ በር አላልፍ ብሎ መቃኑን ነቅለው ነው ያስወጡት። ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ ይኸው ነው። ከመስቀል በኋላ የከሳ በሬ ትገዛለች፤ ለሚቀጥለው መስቀል የደለበ ሰንጋ ትሸጣለች። አቢጋኤል የተማረችው በበሬ ነው፣ ቤቱ የተለሰነውም በበሬ ነው። የዓመት ደመወዟ ጓሮ ቆሞ ያመሰኳል፤ እሱ አንድ ነገር ከሆነ ዓመቷ ባዶ ነው።

በዚህ አገር መስቀል ያለ ሥጋ አይታሰብም። ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ዊጆ በሚሉት የቅቤ ዕቁባቸው ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ ቱታ ይገባሉ። ቱታ ጎረቤታሞች በየወሩ እያዋጡ ለበዓሉ በሬ ገዝተው የሚካፈሉበት ማኅበራቸው ነው። የእነ ጵርስቅላ ሰፈር ቱታ ሰብሳቢ ጋሽ ጠና ናቸው። ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይነግዳሉ፤ ድምፃቸው ትልቅ፣ ጸሎታቸው ረጅም ነው። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ በቀለለ ነበር።

ቱታው በየዓመቱ የጵርስቅላን በሬ ይገዛል። ቅርብ ነው፣ ምን እንደበላ ይታወቃል፣ ሥጋው ይመሰገናል። ችግሩ አከፋፈሉ ላይ ነው። «ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከበዓል በኋላ» ይሏታል። ከበዓል በኋላ ማለት መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ሥጋው ተበልቶ፣ ቆዳው ተሽጦ፣ አጥንቱን ውሻ ግጦት ኅዳርም ታኅሣሥም ሲያልፍ፣ ጵርስቅላ ጋሽ ጠና ሱቅ ከሲሚንቶው ክምር አጠገብ ቆማለች። «አንቺ ደግሞ፣ የት እንሄድብሻለን?» ይሏታል እየሳቁ። እውነት ነው፣ የትም አይሄዱም። ገንዘቡም የትም አይሄድም፣ ወደ እሷም አይመጣም። እሷ ወደ ሱቃቸው ስትመላለስ የከሳ በሬ አንጋጫ ላይ ዋጋው እየናረ ይሄዳል። አምና የመጨረሻው ብር እጇ የገባው ለፋሲካ ዋዜማ ነው። የዚያን ዕለት ቆሽቷ አረረ። ቤቷ ገብታ «ከእንግዲህ ሰማይ ዝቅ መሬት ከፍ ቢል፣ ገንዘቡ ሳይገባ በሬዬ ከዚህ ግቢ አይወጣም» አለች። አቢጋኤል እሺ አለች። እናቷ እንዲህ ስትናገር ከእሺ ሌላ መልስ እንደሌለ ከልጅነቷ ታውቃለች።

ዘንድሮ ያደለበችው ቦራ የሚባል ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ነሐሴ ሲጋመስ ትከሻው ላይ ሰው መተኛት ይችል ነበር። አቢጋኤል አሁን የቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ስልኳ ላይ መኪናም መሬትም የሚሸጥበት የቴሌግራም ገበያ አለ። እናቷ «እኔም በሬዬን እዚያ አውጪልኝ» አለቻት። ቦራን ከጎኑ አነሳችው፣ ከፊቱ አነሳችው፣ መጠኑ እንዲታወቅ እናቷን አጠገቡ አቁማ አነሳችው። ዋጋውን ጵርስቅላ ራሷ ቆረጠች። በማግስቱ ጋሽ ጠና በበሩ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«በሬሽን ለአዲስ አበባ አስነገርሽ አሉ፣ የአቢጋኤል እናት።»

«ስልክ ላለው ሁሉ ነው ጋሽ ጠና። እርስዎም ስልክ አለዎት።»

እየሳቁ አለፉ፤ ሳቃቸው ግን ከጉሮሮ አልወረደም።

ብዙ ሰው ደወለ። አንዱ እግሩን ብቻ ሽጡልኝ ይላል፣ አንዱ ዝም ብሎ ዋጋ ጠይቆ ይዘጋል። አንድ ቀን እንድርያስ ነኝ የሚል ደወለ። አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ግን የዚያው አገር ልጅ ነኝ አለ፤ በሀዲይኛም ሰላምታ ጣል አደረገ። እናቴ፣ እርስዎ፣ እግዚአብሔር ይባርክዎት፣ አፉ ማር ነው። ዋጋውን ሲሰማ አንድ ብር ሳያስቀንስ እሺ አለ። ሙሉ ስሟንና የሂሳብ ቁጥሯን ተቀብሎ፣ እሑድ መኪና እልካለሁ ብሎ ዘጋ።

ጵርስቅላ ስልኩን ለልጇ መለሰች። «የኛ አገር ሰው ሆኖ በሬ ሳይከራከር የሚገዛ አይቼ አላውቅም።»

«ሀብታም ነው እማዬ።»

«ሀብታም ነው የባሰ የሚከራከረው» አለችና ወደ በረቷ ሄደች።

እሑዱ የመስቀል ሳምንት መግቢያ ነበር። ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለሰ ሳለ አንድ አይሱዙ መጥቶ ከጵርስቅላ በር ላይ ቆመ። ሾፌሩ ከወራቤ በስልክ የተቀጠረ፣ ምኑንም የማያውቅ ሰው ነው። እሱ ገና ከመኪናው ሳይወርድ የአቢጋኤል ስልክ ጮኸ። ልጅቱ ፊቷ እንደበራ እየሮጠች መጣች።

«እማዬ፣ ብሩ ገባ።»

የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ነው። የጵርስቅላ ስም ከነአያቷ፣ የሂሳብ ቁጥሯ፣ ክብ ማኅተም፣ አንድም የጎደለ የለበትም።

«የት ነው የገባው?» አለች ጵርስቅላ።

«ሂሳብሽ ውስጥ ነዋ።»

«ይሄ ስልክሽ ውስጥ ነው የገባው።»

ጵርስቅላ በስልክ የሚንቀሳቀስ ባንክ የላትም፤ ያላት ደብተር ነው። ግን ብር ሲገባላት ባንኩ ራሱ መልእክት ይልክላታል። ከቀሚሷ ኪስ አሮጌ ስልኳን አውጥታ አየች፤ ምንም የለም። እንድርያስ ደውሎ፣ ለበዓል ኔትወርክ ስለተጨናነቀ ነው፣ ነገ ይደርስዎታል፣ በሬውን ግን ዛሬ ይጫኑልኝ አለ። ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። ለወንድሜም በሬ ልገዛ አስቤ ስለነበር ተሳስቼ የሁለት በሬ ዋጋ ነው የላክሁት፤ ትርፉን አሁኑኑ በዚህ ቁጥር ይመልሱልኝ፣ ለበዓል ቸግሮኛል አለ። አቢጋኤል ደረሰኙን ደግማ አየች፤ እውነትም ቁጥሩ የሁለት በሬ ነው።

«ልጄ፣ ነገ ባንክ ይከፈታል» አለችው ጵርስቅላ። «ገብቶ ካየሁት በሬህንም ትርፍህንም ትወስዳለህ። ቁርስህንም አበላሃለሁ።»

«እናቴ፣ አላመኑኝም ማለት ነው?»

«አላየሁም ማለት ነው።»

ይህን ጊዜ ጋሽ ጠና መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው፣ የቱታው ሰዎች ተከትለዋቸው ደረሱ። መኪና ቆሞ፣ ሰው ተሰብስቦ ዝም ብለው የሚያልፉ ሰው አይደሉም። ነገሩን ከአቢጋኤል ሰሙ፣ ደረሰኙን መነጽራቸውን አድርገው አዩ፣ ስልኩንም ተቀበሉ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁ ከፍ ተደረገ።

ከዚያ የሆነውን ሌላ አገር ያለ ሰው ላይገባው ይችላል። እዚህ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሲገናኙ አያት ይቆጠራል። የማን ልጅ ነህ፣ እሱስ የማን ልጅ ነው እየተባለ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንድ አያት ላይ ከተገናኙ በቃ፣ ወንድማማች ናቸው። ከወንድም ደግሞ ማስረጃ አይጠየቅም። ጋሽ ጠና እንድርያስን ጎሳውን ጠየቁት፤ ልጁ እንደ ማፈር ብሎ «እርስዎ የየትኛው ነዎት አባቴ?» አላቸው። ነገሩት። «እኔም እኮ» አለ በደስታ። የእገሌ ወገን ነህ የእገሌ አሉት፤ «አዎ፣ የእሱ» አለ። እሱማ ከእገሌ ነው የሚወለደው አሉ፤ «ልክ ነው፣ አባቴ ይነግረኝ ነበር» አለ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ወጥተው ወጥተው ከአንድ ትልቅ አያት ላይ ተገናኙ። ጋሽ ጠና ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የቱታው ሰዎችም ተመስገን አሉ።

«የኛው ልጅ ነው» አሉ ወደ ጵርስቅላ ዞረው። «ፍቺው በሬውን።»

«አልፈታም።»

«ወንድማችንን እኮ ሌባ እያልሽው ነው። በሰው ፊት፣ ያውም በእሑድ።»

«ሌባ አላልኩም ጋሽ ጠና። ገንዘቡን አላየሁም ነው ያልኩት። ደግሞስ ያንን ሁሉ አያት የጠሩት እርስዎ ነዎት። እሱ አዎ ነው ያለው።»

ከኋላ የቆሙት ሴቶች ሳቃቸው አመለጣቸው። ያ ሳቅ ነው ነገሩን ያበላሸው። የጋሽ ጠና ፊት ተለዋወጠ። በሰፈራቸው፣ በማኅበራቸው ፊት፣ ገና አሁን ያገኙት ወንድም እየሰማ በአንዲት ሴት ተሳቀባቸው። ስልካቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። የቱታው ገንዘብ በእሳቸው ስም ነው የሚቀመጠው።

«ትርፉን ቱታው ይመልስለታል። ነገ ከአንቺ ሂሳብ እንቀበላለን» አሉና ጣታቸውን ስልኩ ላይ መጫን ጀመሩ።

«ጋሽ ጠና፣ ይተዉ። አንድ ሌሊት ነው፤ ይደር።»

«ስም የሚጠፋው በአንድ ሌሊት ነው» ብለው ላኩት። እንድርያስም ብሩ ደርሶኛል ብሎ መረቃቸው።

አሁን ሁሉም ዓይን ጵርስቅላ ላይ ሆነ። ትርፉ ተመልሷል፣ ሾፌሩ ይመሻል እያለ ነው፣ ጎረቤቱ አኩርፏል። አቢጋኤል ጠጋ ብላ «እማዬ፣ በቃ ልቀቂው፤ ሰው አስቀየምሽ» አለቻት በሹክሹክታ። ይሄኛው ነው የቆረቆራት። ለዚህች ልጅ ስንት ዓመት አተላ ተሸክማለች፣ ስንት ዓመት ከሲሚንቶ አጠገብ ቆማለች። ለአንድ አፍታ፣ ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ምናልባት ድህነት ልቤን አጥብቦት ይሆናል ብላ አሰበች። ከዚያ ቦራን አየችው። ያመሰኳል። እሱ ከዚህ በር ከወጣ በኋላ የማን ሱቅ ደጅ ቆማ ገንዘቧን እንደምትጠይቅ አታውቅም፤ የጋሽ ጠናን ሱቅ እንኳ ታውቀዋለች።

ሄዳ በረቱ በር ላይ ቆመች፣ ገመዱን እጇ ላይ ጠመጠመችው።

«ገንዘቡ የናንተ ነው፣ ላካችሁት። በሬው ግን የኔ ነው። መውሰድ የሚፈልግ እኔንም ጭኖ ይሂድ።»

ስልኩ አሁንም እንደተከፈተ ነበር። እንድርያስ ሁሉንም ሰምቷል። «አንቺ መሃይም» አለ፤ ያ ማር የነበረው ድምፅ ተለወጠ። «አንቺ ደሃ፣ በሬ እንጂ ሰው የማታውቂ...» ሌላም ብዙ ተናገረ፣ እዚህ የማይጻፍ። ቀጥሎ መስመሩ ተቋረጠ። ጋሽ ጠና ራሳቸው መልሰው ደወሉ። ዝግ ነው። ሾፌሩ ደወለ። ዝግ ነው። 

«የኔንስ ሂሳብ ማን ሊከፍለኝ ነው?» አለ ሾፌሩ።

 ሰዉ አንድ በአንድ እየሾለከ ወጣ። ጵርስቅላ ብቻ «ና ግባ፣ አንተም ተታለሃል» ብላ ቆጮ በጎመን አቀረበችለት፤ በልቶ ባዶውን አይሱዙ ይዞ ወራቤ ገባ።

ሰኞ ጠዋት ባንክ ሲከፈት ጵርስቅላ ደብተሯን ይዛ፣ ጋሽ ጠና ደግሞ ሌሊቱን ያልተኛ ፊት ይዘው በሩ ላይ ተገናኙ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ደብተሩን አየች፣ ኮምፒውተሩን አየች። ምንም አልገባም አለች። ፎቶውን ሲያሳዩዋት ይሄ የኛ አይደለም፣ ማንም ስልክ ላይ የሚሠራው ነው አለች። ቱታው የላከውስ ሲሏት፣ በደረሰበት ደቂቃ ወጥቷል፤ ለፖሊስ ያመልክቱ አለቻቸው። ጋሽ ጠና ክው ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ጵርስቅላ ውኃ ገዝታ ሰጠቻቸው። ነግሬዎት ነበር አላለችም። ልትል ፈልጋ አፏ ድረስ መጥቶባት እንደነበር ግን አልደብቅም።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የቱታው ሰዎች ግቢዋ መጡ። ተቀመጡ፣ ቡና እየጠጡ ስለ ዝናቡ ተጨዋወቱ፣ ሌባውን ረገሙ። መጨረሻ ላይ ጋሽ ጠና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ የአቢጋኤል እናት፣ ልክ ነበርሽ። እግዚአብሔር በሬውን በአንቺ አስቀረልን። ቱታው እንዳየሽው ተጎድቷል። እንደ ወትሮው እንውሰደው፣ የሚገኘውን አሁን እንሰጥሻለን፣ የቀረውን ከበዓል በኋላ...»

«አይሆንም» አለች ጵርስቅላ።

«እንዴት አይሆንም? ጎረቤት ነን እኮ።»

«ስልክ ላይ ያወጣሁት ዋጋ አለ። ባንክ ገብቶ ልየው፣ በሬው ይወጣል። ለዚያ ሰውዬ ያልኩትን ነው ለናንተም የምለው።»

ጋሽ ጠና ቀና አሉ። በእውነት ተጎድተዋል። «ጵርስቅላ፣ እኛን? እኛን ከሌባ ጋር ነው የምታስተካክይን?»

ጵርስቅላ የቡናውን ስኒ ከፊታቸው አነሳች፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው።

«አላስተካክላችሁም ጋሽ ጠና። እሱ ቢያንስ የሐሰት ደረሰኝ ልኮልኛል። እናንተ በዚህ ሁሉ ዓመት የሐሰቱን እንኳ ልካችሁልኝ አታውቁም።»

 መምህር ሀብተሚካኤል፣ ከቱታው ሰዎች ሁሉ ዝምተኛው፣ መሬት መሬቱን እያየ «እውነቷን ነው» አለ። አቢጋኤል ጓዳ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። መጥታ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

ማክሰኞ ሙሉው ገንዘብ ገባ። ከየት አመጡት አይባልም፤ ጋሽ ጠና ከሱቃቸው ብዙውን እንዳወጡ ግን ሰፈሩ ያወራል። የባንኩ መልእክት ኪሷ ውስጥ ሲጮህ ጵርስቅላ ሰማች፤ ሆኖም አልበቃትም፣ ባንክ ድረስ ሄዳ ደብተሯ ላይ አጽፋ፣ ቁጥሩን የመስኮቷን ልጅ ሁለቴ አስነብባ ነው የተመለሰችው። ወንዶቹ በሩ ላይ ይጠብቋታል። ቦራን ራሷ ፈትታ አወጣችው፣ ገመዱንም ጋሽ ጠና እጅ ላይ አኖረችው።

«አሁንስ አመንሽን፣ የአቢጋኤል እናት?» አሏት ፈገግ ለማለት እየሞከሩ።

«በሬውን ይውሰዱ ጋሽ ጠና» አለች። «መተማመኑን ከርሞ እናየዋለን።»